የተሰነጠቀው ፕሮቴክተር

ባለፈው ቅዳሜ መርሳ፣ ስልክ መሸጫው ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። ዘሀራ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች፤ ሱቁ የእሷና የባሏ ነው። እናቷ ሐሊማ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትልጣለች። እኔ ስልኬን ይዤ በመካከላቸው ነበርኩ።

ከወልድያ የወጣሁት ውርጌሳ ለቅሶ ለመድረስ ነበር፤ ስመለስ መርሳ ወረድኩ። ልጄ ስልኬን ባየ ቁጥር «እማዬ፣ ይሄን ስንጥቅጥቅ ነገር ቀይሪው፤ ጣትሽን ይቆርጥሻል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚለጠፈው መከላከያ፣ ፕሮቴክተሩ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ጥግም ከመጀመሪያው አልያዘም።

ዘሀራ ስልኩን ተቀብላ አየችው፤ አወቀችው።

«እትዬ አሰገደች፣ እስካሁን አልቀየሩትም?»

«ያገለግላል ብዬ ነው።»

ሐሊማ ከበሩ ሳቀች። «አየሽ፣ ያንቺ ስልክ እስከ ዛሬ አለ! የሷስ? ለሰፈሩ ሁሉ ስትለጥፍ የራሷን የረሳች ልጅ እኮ ናት። የአባቷን ድምፅ አስበላችን!»

ዘሀራ አጎንብሳ ከመሳቢያው አዲስ ፕሮቴክተር መፈለግ ያዘች። ይህን ነገር ሐሊማ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። በዘሀራ ሠርግ ላይም፣ በሳቅ አድርጋ፣ በእንግዳ ፊት ተናግራዋለች።

በጦርነቱ ጊዜ ወልድያ ውስጥ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እኔ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል፣ ሐሊማና ዘሀራ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ባለው ቤት። ከተማው የተያዘው በክረምት ነው። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ፣ መንገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ተዘጋ። መርሳ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ አገር ሆነ። ከግቢው በር እስከ ውሃው ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ እስከ ጓዳ፤ ዓለማችን ይኸው ነበር። የማሽላ ንፍሮ እንበላለን፤ ጨው ሲያልቅ ያለ ጨው እንበላለን። ዘይቱኑንም ገና ሳይበስል እንለቅመው ነበር፤ ምክንያቱም እስኪበስል ድረስ ምን እንደሚመጣ አናውቅም።

የታጠቁት ሰዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ ስልክ ይወስዱ ነበር፤ የተሰበረውን ግን ይተዉታል። መቅበርም አያዋጣም፤ የተቀበረ ያገኙበት ቤት የባሰ ደርሶበታል። መላውን ያመጣችው ዘሀራ ናት። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መናኸሪያው አካባቢ ስልክ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሱቁ ሲዘጋ፣ ከደንበኞች ስልክ ላይ የተነሱ የተሰባበሩ ፕሮቴክተሮች በካርቶን ይዛ መጥታለች። ጎረቤት ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ ያመጣላታል፤ እሷ ደግሞ ጤነኛውን መስታወት በተሰነጠቀ ፕሮቴክተር ትሸፍነዋለች።

«ይኸው ሞተ!» ትላለች እየሳቀች። «አላህ ይማረው።»

እኛ በልጅነታችን ለሬድዮ የጥልፍ ልብስ እንሰፋ ነበር፣ አቧራ እንዳይነካው። እቃ እንዲሰነጠቅ የተለመነበት ዘመን ያ ብቻ ይመስለኛል።

በኔ ስልክ ውስጥ የልጄ ፎቶ ነበረ፤ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ የተነሳው። ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም። ዘሀራ «ለጊዜው ይጥፋ፣ እትዬ፤ ካገኙት ለእርስዎም ለግቢውም ጥሩ አይደለም» ብላኛለች። እንቢ አልኩ። ሌላ ፎቶ አልነበረኝም። «እንግዲያው ኋላ አመጣለሁ፤ ካርቶኑ ውስጥ በእርስዎ ስልክ ልክ የሚሆን አልቀረም» አለች።

በእሷ ስልክ ውስጥ ደግሞ የአባቷ ድምፅ ነበረ። ሰውየው ከጦርነቱ በፊት በሕመም ነው የሞቱት። ከሐራ ገበያ የላኩት መልእክት ነው፤ «ዘሀሬ፣ ደመናው ከብዷል፣ ማሽላው ሳይርስ አስገቡት። እኔ እመጣለሁ» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ጎረቤት ባለች ትንሽ ሶላር ስልኩን ሲሞሉ ሐሊማ አንድ ጊዜ ብቻ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ስልኩ ይጠፋል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፍተሻው በእኛ መንገድ መጣ። ሦስተኛው ቤት ደርሰዋል ተባለ። ዘሀራ ወደ ክፍሌ ሮጣ መጣች።

«እትዬ፣ ስልክዎን ቶሎ! አንድ ተርፎኛል።»

ይዛው ወጣች። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ከዛፉ ኋላ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ የራሷን ስልክ ከኪሷ አወጣች። በላዩ ላይ የተሰነጠቀ ፕሮቴክተር ነበረበት። ስልኮቻችን አንድ ዓይነት ናቸው፤ የኔን ልጄ ሲገዛ መርጣ የሰጠችው እሷ ነበረች። በጥፍሯ ጥጉን አነሳች፣ እንዳይረግፍ በቀስታ ላጠችው፣ የኔን ስልክ በሻሿ ጫፍ ወልውላ ለጠፈችበትና መልሳ አምጥታ ሰጠችኝ።

ምን እየሠራች እንደሆነ ገብቶኛል። «ተይ» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አላልኩም።

ፈታሾቹ ሁለት ሆነው ገቡ። አንዱ የኔን ስልክ አንስቶ ቁልፉን ተጫነ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተሰብሯል።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ልጄ ነው የገዛልኝ።»

ልጅሽ የት ነው የሚል መስሎኝ ነበር። አላለም፤ የማሽላው ጆንያ ላይ ወረወረውና ወደ እነሐሊማ ቤት አለፈ። የዘሀራ ስልክ ያለ ፕሮቴክተሩ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል።

«ወንድሜ፣ የአባቴ ድምፅ አለበት» ስትለው ሰማሁ።

«የሰው ድምፅ የሌለበት ስልክ የት አለ?» አለና ኪሱ ከተተው።

ማታ ሐሊማ ጮኸች። «ለሰፈሩ ሁሉ ለጥፈሽ የራስሽን ረሳሽ?»

ዘሀራ ወደኔ አላየችም። «ረሳሁ፣ እማ» አለች።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ብናገር ሐሊማ ለምን ዝም ብለሽ አየሽ ትለኛለች። ስለዚህ ዝም አልኩ። መንገዱ በኋላ ተከፈተ፣ መብራትም ስልክም ተመለሰ። እኔ ግን ሐሊማ ያንን ነገር ባነሳች ቁጥር ያችው መስኮት ጋ ነኝ።

ልጄ ተመልሷል። እግሩን ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው፤ ሐራ ሥራ ይዟል። ያ ፎቶ አሁን ከብዙ ፎቶዎች አንዱ ነው፤ ለማግኘት ራሱ መፈለግ አለብኝ።

ዘሀራ አሮጌውን ላጠችና አዲሱን ለጥፋ ሰጠችኝ። መስታወቱ ጭረት የለበትም። አሮጌውን ቅርጫት ውስጥ ልትጥል ስትል «አምጪው» አልኳት። በመሐረብ ያዝኩት።

በር ላይ ስደርስ ሐሊማ ማንጎ ዘረጋችልኝ። «እንኪ፣ ለመንገድሽ።»

«ሐሊማ፣ ልጅሽ አልረሳችም» አልኩ። «ይሄ የሷ ነው። ፈታሾቹ ሲመጡ ከራሷ ስልክ ላይ ልጣ ነው ለኔ የለጠፈችው። መስኮት ጋ ቆሜ አይቻለሁ።»

«እትዬ፣ ይተዉት!» አለች ዘሀራ ከኋላዬ።

መሐረቡን ከነስባሪው ሐሊማ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ቢላዋውን እንደያዘች መላጧን አቆመች።

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ወልድያ! ወልድያ!» እያለ ይጣራል። ወጣሁ።