በተበየደው በር ስር

ከሱቄ ሲወስዱኝ «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሳለህ» አሉኝ። ሻዬ እንዳይቀዘቅዝ ብርጭቆውን በሳህኑ ከድኜ ተከተልኳቸው። ጀሞ ላይ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ስንት ደንበኛ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎኝ ቀርቷል። ማመን አልነበረብኝም።

ከሌሎች እስረኞች ጋር ያስገቡኝ ላፍቶ ያለ መጋዘን ነው። አንድ ጊዜ ልከራየው አይቼ፣ ይበርዳል ብዬ ትቼው ነበር። እውነትም ይበርዳል። ወደ ቅያሱ የሚያወጣው የኋላ በር ተበይዶ ተዘግቷል፤ ከስሩ በቀረች ጣት በምታህል ክፍተት ብርሃን ይገባል።

ስንቅ የመጣለት ሰው ጠዋት በስሙ ይጠራል። እኔን የጠራኝ የለም፤ ቤተሰቦቼ የት እንዳለሁ አያውቁም ማለት ነው። አጠገቤ የሚተኛው የፊዚክስ መምህርም አይጠራም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት በእፍኝ ውሃ ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን ቆልፎ ይቀመጣል።

«መምህር፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«ምናልባት ከተጠራሁ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

አንድ ቀን፣ ሌሎች ኮከቦችን የሚዞሩ፣ መሬትን የሚመስሉ ዓለማት እንደተገኙ አጫወተኝ።

«ሰው ይኖርባቸዋል?»

«አይታወቅም። ለኮከባቸው በጣም ከቀረቡ ውሃው ይተናል፤ በጣም ከራቁ በረዶ ይሆናል።»

«ሱቅ በለኛ! ከአስፋልት ከቀረበ ኪራዩ ያቃጥላል፣ ከራቀ ገበያው ይቀዘቅዛል።»

ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«ታዲያ ያን ያህል ርቀው እንዴት ታዩ?»

«አብዛኞቹ አይታዩም። በኮከባቸው ፊት ሲያልፉ ብርሃኑ ትንሽ ይደበዝዛል፤ በዚያ ነው የሚታወቁት።» በአገጩ ወደ በሩ ስር ጠቆመኝ። ውጭ ሰው አለፈና ብርሃኑ ጠቆር ብሎ ተመለሰ። «እንደዚህ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራችን አላፊ መቁጠር ሆነ።

«አህያ ናት» ይላል እሱ።

«ተው መምህር፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች አህያ?»

እኛ እነሱን እናውቃለን። እነሱ እኛን አያውቁም።

በመጨረሻ ስሜ ተጠራ። ባለቤቴ ምሳ ዕቃውን ይዛ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ስትዞር ከርማለች፤ ሁሉም በር ላይ «እዚህ የለም» ብለዋታል። ሰውን መጋዘን ውስጥ ማን ይፈልጋል? ስንቁን መሀላችን ከፈትኩት። መምህሩ እጁን ከመስደዱ በፊት የኮቱን ቁልፎች ዳሰሰ።

እኔ ስፈታ እሱ ቀረ። በስሙ ስንቅ ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አለኝ። ለባለቤቴም ያሏት ይህንኑ ስለነበር እንደ መልስ አልቆጠርኩትም። በቅያሱ ዞሬ በተበየደው በር ፊት ቀስ ብዬ አለፍኩ። ተመልሼ ደግሞ አለፍኩ።

ዛሬ መጋዘኑ ምን እንደያዘ አላውቅም፤ ሲሚንቶ ይሆናል። ላፍቶ ጉዳይ ሲኖረኝ ግን ፊቴን ታጥቤ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ በዚያ በር ፊት አልፋለሁ።