ወንበሩ ብቻ ጥርት ብሎ

እናቴና እኔ እስራኤል ስንመጣ ወንድሜ ጎንደር ቀረ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ አልወጣም ተባለ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። እናቴ ቂርያት ማላኪ ቤታችን ታማ ስትተኛ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ወንድሜ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ትልቅ ፎቶዋን። ከስልኬ አሳትሜ ባሳያት ፊቷ ጭጋግ ሆኖ ወጥቷል።

«ይችን ሴትዮ ልጄ በምን ያውቃታል?» አለችኝ።

አሮጌ ካሜራ ገዛሁ። ያቭኔ ካለው ፋብሪካ ስወጣ ገዴራ ከተማ የማታ የፎቶ ትምህርት እማር ጀመር። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ ወዲያ ነው፤ ይኸም ያው ነው ብዬ። የምታስተምረን እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት።

«አባባ፣ ካሜራው ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ከቆመ የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉት፣ ቤሰደር፣ እሺ? የሌለ መንቀጥቀጥ እየፈለገ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል።»

የወንድሜን ስም ያስቀረ እንዲህ ያለ ቢሮ አውቃለሁ አልኩ በሆዴ። ደግሞ በካሜራው ሆድ ውስጥ ያለው መስታወት ሲነሳ ይመታል፣ ምቱ ፎቶውን ያደበዝዘዋል አለችን። መስታወቱን አስቀድሞ ማንሳት፣ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ሳይነኩት በሪሞት ፎቶውን ማንሳት ነው።

አንድ ዓርብ እናቴን ደግፌ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። የካሜራ ብልጭታ ዓይኗን ያማታል፤ ስለዚህ በመስኮቱ ብርሃን ብቻ፣ ሌንሱ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ነው የሚነሳው።

«እማ፣ እንዳትንቀሳቀሽ» አልኳት።

«ወዴት እሄዳለሁ ብለህ ነው?»

ማረጋጊያውን አጠፋሁ። መስታወቱን አነሳሁ። ጠበቅሁ፣ ሪሞቱን ተጫንኩ። ይኸኔ፣ ሌንሱ ሳይዘጋ፣ በሩ ተከፈተ፤ የእኛ ሰው አያንኳኳም። ከጎረቤት ሕንጻ አንድ ሽማግሌ ሊጠይቋት መጥተው ነው። ያለ ሰው መቆም ያቃታት እናቴ ወንበሩን ጨብጣ ብድግ አለች።

«ኖር» አለቻቸው።

«በእግዜር፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አሉ ሽማግሌው።

ሮጬ ያዝኳት። አንዴ ልድገመው ብላት፣ እንግዳ ተቀምጦ ለፎቶ አልገተርም አለች በሹክሹክታ። ሽማግሌው መረቁ፣ የአገር ቤት ወሬ አወሩ፣ ብርሃኑ ሄደ። ሰንበት ይለፍና አለችኝ። ሲነጋ አምቡላንስ ወሰዳት፤ አልተመለሰችም።

ፎቶውን አሳተምኩት። የመጋረጃው ክር ይቆጠራል። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል፤ እኔ እንኳ አነበብኩት። ወንበሩ ጥርት ብሏል። እናቴ ከወንበሩ በላይ ነጭ ጢስ ናት፣ ፊት የላትም። የተማርኩት ሁሉ ሠርቷል፤ ካሜራው አልተንቀጠቀጠም።

አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላክሁት። ወንድሜ ደወለ።

«ለማን ነው የተነሳችው?»

«ለእንግዳ።»

ሌላ የለም ወይ አለኝ። የለም አልኩት።

ሰቅሎታል፤ በቪዲዮ ስንደዋወል ከጀርባው ይታየኛል። ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ እናቴ ናት እያለ አሳየ። ሰውም እሺ አለ። የሚያየው ግን ወንበሩን ነው።