ከሰርጌ ፎቶ ባሌን ፈልጉልኝ

«እህቴ፣ ባልሽ የቱ ነው?» አለኝ ዛሬ ሐይቅ ከተማ የቪዛ ፎርም የሚሞላልኝ ሰውዬ።

ባሌ ካናዳ የመኖሪያ ፈቃድ አለው። በጉብኝት ቪዛ ልሄድለት ብዬ የሰርጋችንን ፎቶ ይዤ ቀረብኩ።

ወላሂ፣ ሁለታችን ብቻ ያለንበት አንድም የለም! ኒካሑ ሲታሰር እሱ ከወንዶቹ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርን። እሱማ የአባቴን እጅ ጨብጦ ቁጭ ብሏል። ለማያውቅ ሰው ያገባው አባቴን ነው የሚመስለው።

በመጨረሻ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የተነሳነው ተገኘ። መሃላችን ግን እናቴ ቆማለች።

«እናትሽን ብንቆርጣቸውስ?» አለ ሰውዬው።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። «እስቲ ሞክር! እኔ ከወጣሁ ሚስቱ መሆኗን ማን ሊመሰክርላት ነው?»

ሦስታችንም በአንድ ፎቶ ተላክን። አሁን የምፈራው ቪዛው ለእሷ እንዳይመጣ ነው።

በናንተስ የሰርግ ፎቶ መሃል የገባው ማን ነው?