በየአገሩ ቤት ያላት እንግዳ

አዘዞ ካለው ቤታችን አጠገብ ብየዳ ቤት አለ። ትናንት አርብ አመሻሹ ላይ የጋለ ብረት ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ አስጎብኚ ለመሆን የምትማረው ልጄ የሳምንቱን ቀኖች በፈረንጆች ቋንቋ ታጠና ነበር።

«እማዬ፣ ቅዳሜን ጣሊያኑ ሳባቶ ይላታል፤ ፈረንሳዩ ሳምዲ፣ ጀርመኑ ሳምስታግ። ሁሉም የመጡት ከሰንበት ነው እኮ!» አለችኝ።

ሽንኩርት መክተፌን ተውሁ።

በልጅነቴ፣ ከማክሰኝት ወዲህ ባለችው መንደራችን፣ ጎረቤታችን አያ ታከለ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤተ እስራኤል ናቸው። አንድ አርብ አባቴ የዶለዶመ ማረሻ አስይዞ ላከኝ። ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ አያ ታከለ ፍሙ ላይ ውሃ ያፈሳሉ። እንፋሎቱ ብረት ብረት ይሸታል።

«ምነው አያ፣ ገና አልመሸም እኮ» አልኋቸው።

«ሰንበት ልትገባ ነው፣ ልጄ። እንግዳ ናት፤ እሳት ከነደደበት ቤት አትገባም። ሰኞ ነይ።»

«ከኛ ዘንድ ስትወጣስ ወዴት ትሄዳለች?»

«ዓለሙን ታዳርሳለች። በየአገሩ ቤት አላት» አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

ሰኞ ሸጋ አድርገው የቀጠቀጡትን ማረሻ ተቀበልሁ። ዓመት ሳይሞላ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ እስራኤል ሄደ። እኔ ያን ሰሞን አክስቴ ዘንድ ነበርሁና ደህና ሁኑ እንኳ አላልኋቸውም። ስመለስ ወናፉ የለም፤ ምድጃው ላይ ሣር በቅሏል።

ትናንት ልጄ እነዚያን ስሞች ደጋግማ ስትጠራ፣ አያ ታከለን አግኝቼ «እውነትዎን ነበር» ብላቸው ብዬ ተመኘሁ። እንግዳቸው በእርግጥም በየአገሩ ቤት አላት። እኛ መንደር ስትደርስ ግን እሳት አጥፍቶ የሚቀበላት የለም።