በጋቢ የተጠቀለለው ማይክሮስኮፕ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። እስከ ዛሬ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «በረደኝ» ሲል ልቤ ይደነግጣል።

ወገዳ ከተማ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አሮጌ ማይክሮስኮፕ መሰብሰብ ደግሞ ልማዴ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ፎቶዎችን ስልኬ ላይ አጠራቅማለሁ፤ እጄ የሚመኘው ግን በመብራት ፋንታ በፀሐይ የሚሠራውን የድሮውን ነው። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ አንድ ሽማግሌ ቤት እንዲህ ያለ እንዳለ ሰማሁና በገበያው ቀን ሄድኩ።

ሽማግሌው አቶ ውበቱ ይባላሉ። ማይክሮስኮፑ ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ ከነበረው ከሟች ወንድማቸው የቀረ ነው። በጋቢ እንደተጠቀለለ አምጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ፈታሁት። እሳቸው ጋቢውን አንስተው ደረቡትና «ዛሬስ በርዶኛል» አሉ።

ደመናው ገለጥ ሲል ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞርኩ። ከቦርሳዬ መርፌና ስላይድ አውጥቼ ከጣቴ አንድ ጠብታ ደም ወስጄ አየሁ። ጥርት ብሎ ይታያል! ደስታዬን አይተው ሳቁ።

«እስኪ የእኔንም እየው» ብለው ጣታቸውን ዘረጉ።

በአዲስ መርፌ ወጋኋቸው። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ቀጥሎ የደማቸው ሕዋሶች የሚገፋቸው ነገር ያለ ይመስል ንቅንቅ አሉ። በመካከላቸው እንደ ቀጭን ክር የተጠማዘዙ ነገሮች እየተሽከረከሩ ይሮጣሉ። ግርሻ ነው፤ በቅማል የሚተላለፈው ትኩሳት።

«አባባ፣ አሞዎት ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ያዘኝና ለቀቀኝ። ዛሬ ተመለሰ። ምን አየህ?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ከቤት ብቅ አሉ። «ልጃችንም እንዲሁ ነበር» አሉ። «ከቀን ሥራ ታሞ መጣ። ተሻለው ስንል አገረሸበት። ከቀበርነው ወር አልሞላም። ጋቢው የእሱ ነው፤ ማታ ማታ አባቱ ይደርበዋል፤ ጠረኑ እንዳይጠፋብኝ ብዬ አላጠብኩትም።»

የጋቢውን ስፌት ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቅማሉ ተደርድሯል። ያንን ጋቢ ቅድም ጉልበቴ ላይ ይዤው ነበር።

ያየሁትን ነግሬያቸው ሕክምና አሁኑኑ ያስፈልጋል አልኩ። አቶ ውበቱ «ገበያው ይበተንና እሄዳለሁ» ቢሉም እምቢ ብዬ ደግፌ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ግን ባሰባቸው። አልጋው እስኪንቀሳቀስ ተንዘፈዘፉ። ነርሷ መድኃኒቱ ተዋሲውን ሲገድል ይህ እንደሚመጣ ነግራን ነበር፤ ቢሆንም በገዛ እጄ የገደልኳቸው መሰለኝ። ወይዘሮ እናኑ ክንዴን ጨምድደው ይዘው «እሱም ሊሄድብኝ ነው?» ይሉኛል። ወደ ማምሻው ላብ አጠመቃቸውና ዓይናቸውን ገለጡ።

ዳኑ። የቤቱ ልብስና መኝታ ሁሉ በፈላ ውኃ ተቀቀለ። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል የልብሴን ስፌት ስፈትሽ፣ ደሜን ስመረምር ከረምኩ። ምንም አልተገኘብኝም።

ማይክሮስኮፑን ልወስድ የተመለስኩ ዕለት ወይዘሮ እናኑ እስከ በር ሸኙኝ። ቀስ ብለው «ልጄ ሲታመም ይህ ዕቃ እዚሁ ቤት ነበር። ያኔ የሚያይበት ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው።

ዋሽቻለሁ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ የምላቸው ይመስለኛል።