እንሰት እየፋቅን የጸለይንበት ጓሮ

«ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» አለኝ የእስር ቤቱ ዘበኛ።

በዚህ ዘመን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሆሳዕና ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። ስንቅ አታምጡ ከተባለ የሚበላው ሰው የለም ማለት ነው። የምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ። ዘበኛው ደንግጦ ክዳኑን አነሳልኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! እናትሽ ትፈታለች ነው የምልሽ! ነገ ቤቷ ገብታ ትብላ!»

እስከ ቤታችን ሮጥኩ። የጋሪ ፈረስ ቀድሜ ሮጥኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እናቴ ከወጣች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እኔ ግን ከደስታዬ የተነሳ እንቅልፍ አልያዘኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ። የማንንም ስም ግን አልጽፍም፤ ይህ ደብተር በምእመናን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማን ጋ እንደሚደርስ አላውቅም።

የጸሎት ቤታችንን መንግሥት ካሸገው በኋላ አዳራሹ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ። ጥቂት ሰው ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ከተገኘ ያስጠይቃል። ሴቶች እንሰት ለመፋቅ ቢሰበሰቡ ግን ማንም ምንም አይልም። በእኛ አገር ደግሞ ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ጓሮ ወንድ አይገባም። በሁሉም ነገር የሚከራከረው መምህሩ አባቴ እንኳ እናቴን ሲፈልግ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ነው የሚጣራው። እናም ሐሙስ ሐሙስ እናቴ፣ እኔና አምስት ጎረቤቶቻችን ጓሯችን ውስጥ በቀርከሃ እየፋቅን እንጸልያለን። ደንብ አለ፤ ዓይን አይጨፈንም፣ እጅ አይቆምም። የሚፍቀው እጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ካለ መንገደኛ ይጠረጥራል።

አንድ ሐሙስ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሳትጠራ ገባች። ሴት ናት፣ ማን ይከለክላታል? ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተቀመጠች።

«እኔን የማትጠሩኝ መፋቅ አትችልም ብላችሁ ነው?»

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር» አለች አሮጊቷ ጎረቤታችን፣ «እጅሽ እስክሪብቶ ለምዷል፤ እንዳይቆስልብሽ ብለን ነው እንጂ!»

ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን በየፊታችን ላይ ይዞር ነበር። ሳቁ ሲያልቅ የቀርከሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። እናቴ ዛሬስ ዝም ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን ሳታቆም፣ ለራሷ የምታወራ ያህል፣ በሃዲይኛ መጸለይ ጀመረች። የጸለየችው ጦር ሜዳ ለተወሰዱት ልጆች ነው። ከቦኖሻ የተወሰደው ያጎቴ ልጅ ትዝ አለኝ። ሳላውቀው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄም ቆመ።

ስገልጥ ሊቀመንበሯ እያየች ነው። እናቴን አይደለም፤ እኔን።

«ደከመሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

አዎ ማለት ምን ያቅተኛል? አፌ ቀድሞኝ «አሜን» አለ።

የያዘችውን ፍቃ ጨረሰችና ደህና ዋሉ ብላን ወጣች።

በሳምንቱ ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች መጡ። ጠመንጃ ይዘውም ጓሮው አልገቡም፤ የሰፈራችን ልጆች ናቸውና ከአጥሩ ወዲያ ቆመው እናቴን ጠሯት። እናቴ የጀመረችውን ጨረሰች። እጇን ታጠበች። እነሱም ጠበቋት። ከመምጣታቸው ይልቅ እንደዚያ በትዕግሥት መጠበቃቸው አስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስንቅ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ልጸልይ ስል ያ «አሜን» ትዝ ይለኝና ሌላው ጸሎት ይጠፋብኛል። የቀረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ዕቃው ባዶ ይመለስ።» ባዶ ከተመለሰ በልታለች፤ ከበላች አለች። በዚህችው ጸሎት ነበር እስከ ማግስቱ የምደርሰው። አንድ ቀን ምግቡ ሳይነካ ተመለሰ። ያን ቀን አባቴ ክፍል ገብቶ ጠመኔ እንደያዘ ቆሞ ቀረ አሉ። እናቴ ታማ ኖሯል፤ በማግስቱ ባዶ ተመለሰ። እኔና አባቴ ባዶ ዕቃ አይተን እንደዚያ ስንደሰት ለሚያየን ሰው ያበድን ነው የምንመስለው።

ጎረቤቶቻችን ግን አንድም ሐሙስ አልቀሩም። አሮጊቷን «አትፈሩም እንዴ እትዬ?» አልኳት።

«እንዴት አንፈራም! ፈርተን እኮ ነው የመጣነው። ለብቻ ቤት ሆኖ መፍራት ምን ይሠራል?»

የጠቆመው ማን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም። ትናንት ሊቀመንበሯ በራችን ላይ መጥታ ቆመች። «እናትሽን እንኳን ለቤቷ አበቃት በያት» አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐሙስ ትፍቃላችሁ?»

እናቴ አልጋ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ከስታለች። ነገርኳት።

«ለእሷም መፋቂያ አዘጋጁላት።»

«እማዬ! የጠቆመችው እሷ ብትሆንስ? አሜን ብዬ ያሳሰርኩሽ እኔ ብሆንስ?»

«አሜን ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ጸሎቱን የጀመርኩት ግን እኔ አይደለሁም እንዴ! እሷም ብትሆን ትምጣ። ሌላ የት ሄዳ ትሰማለች?»

ለምን እንደምትመጣ አላውቅም። ለመስማት ይሁን ማን እንደመጣ ለመቁጠር፣ ፊቷ አይናገርም። እናንተ ግን ቤታችንን የምታውቁ ሴቶች፣ በሌሞም በአንጋጫም ያላችሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ኑ። እንሰቱ ብዙ ነው፤ እናቴ ደግሞ ገና አቅም የላትም። አጥራችን ጋ የቆመ ሰው ብታዩ ሰላም በሉትና ግቡ።