ቶሎ ያልተናገረው ሰው

ከእናቴ ስም ይልቅ የአንድ ሟች አሜሪካዊ ስም በቀን ብዙ ጊዜ እጽፋለሁ። ሥራዬ ነው። ርዝመት በሜትር፣ ክብደት በኪሎ እንደሚለካ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክ ድንገት ልጨምር ወይም ልቀንስ ሲል የተጠቀለለ ሽቦ የሚያሳየው እምቢታ የሚለካው በዚህ ሰው ስም ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ቤልቪው በሚባል ከተማ በአንድ ቢሮ፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ኃይል የሚያቀብሉ ትናንሽ ሳጥኖች እንሠራለን። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቅል ሽቦ አለ። ስለ ሰውየው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምንም አላውቅም ነበር። ሜትር ማን እንደሆነም ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ሳጥናችን ስለሚጮህ ነው። ጩኸቱ ቢምቢ ጆሮ ሥር ስትዞር የምታሰማውን ይመስላል። አንዳንድ ሰው አይሰማውም፤ የሚሰማው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አይሰማም። ቡድናችን ለወራት መፍትሔ ፈለገ። በመጨረሻ የሽቦውን አጠቃለል ለወጥኩት፤ ሳጥኑ ዝም አለ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ በመሣሪያ ለክቶ ዝም ማለቱን አረጋገጠ።

አለቃዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ጩኸቱን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ግሩም ሥራ ነው» አለኝ።

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም» አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ባልደረባዬን እያሳየሁ። «እሱ ነው የደከመው።»

«ኦኬ» ብሎ ሄደ።

በእኛ ቤት ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሰው ሲያመሰግንሽ ትክጃለሽ። እሱ «ኧረ ተይ እንጂ!» ይላል። አንቺ ምስጋናውን ለሌላ ሰው ታሳልፊያለሽ። እሱ ይምላል። ያን ጊዜ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም ትያለሽ፤ ዝምታው እሺ ማለት ነው። እኔ የራሴን ድርሻ በሚገባ ፈጽሜ፣ አለቃዬ የእሱን እንዲጀምር እየጠበቅኩ ነበር። ያየሁት ግን ጀርባውን ነው።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ፣ የአዲሱ አጠቃለል የፈጠራ መብት ማመልከቻ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚገባ አለቃዬ ተናገረ። ፈጣሪው ባልደረባዬ ነው አለ። ቀጣዩን ሳጥን የሚመራውም እሱ ነው። ሰዉ አጨበጨበ። ያንን ሳጥን መምራት ምን ያህል እፈልግ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የእኔ ሥራ ነው ብለሽዋል እንዴ?» አለኝ።

«እንደዚያ ማለቴ አልነበረም።»

ግራ የገባው ይመስላል። ቢሆንም ሰው ሲያመሰግነው «አመሰግናለሁ» ይላል። ያደገው እንደዚያ ነው።

እናቴ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ባለ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ማታ ስትመለስ ነገርኳት።

«ደግ አደረግሽ» አለች። «ሰው ራሱን አያሞግስም። ዝም አይነቅዝም። እሱስ ምን አለሽ?»

«ኦኬ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሄደ።»

«ሄደ? አልተከራከረሽም?»

«አልተከራከረኝም።»

እናቴ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!»

ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ ይማራሉ። የሚያስተምሯቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ስለ አንድ የአሜሪካ ሳይንቲስት ለልጆቹ እንዳወራ ቀደም ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በሰው ፊት መናገር ስለማልወድ እምቢ አልኩ። እሳቸው ሥርዓቱን ያውቃሉ፤ ለምነው፣ ደግመው ለምነው እሺ አሰኙኝ። ስሙን ስለለመድኩት ብቻ መለኪያውን ሰውዬ መረጥኩና ታሪኩን አነበብኩ።

ቅዳሜ ምስማር፣ ሽቦና ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ሽቦውን የጠቀለልኩበት ምስማር መርፌ ቁልፎችን ሲያነሣ ልጆቹ በትሕትና አዩት። ቀጠልኩ። ሰውየው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የተወለደ የድሃ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሙያ ሊለምድ ገባ፤ በኋላ አስተማሪ ሆነ። በዚያ ዘመን ማግኔት የሚሠሩ ሰዎች፣ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ ብረቱ ላይ አራርቀው ይጠቀልሉት ነበር። እሱ ሽቦውን ራሱን ሐር አለበሰው፤ ከዚያ ደራርቦ ጠቀለለው። ማግኔቱ ሰው የማያነሣውን ብረት አነሣ። ሐሩ የተቀደደው ከሚስቱ የውስጥ ቀሚስ ነው ይባላል።

«እሷስ?» አለች እናቴ ከኋላ ወንበር። ለልጆቹ ሳምቡሳ ይዛ መጥታ ነበር። «የእሷ ስም የምን መለኪያ ሆነ?»

«የምንም።»

«እህ» አለች።

ከዚያ ዋናውን ነገርኳቸው። በክፍሉ ዙሪያ ረጅም ሽቦ ዘርግቶ ጫፉ ላይ ደወል ደወለ፤ የፈጠራ መብት ግን አልጠየቀም። በኋላ ቴሌግራፍ ሲመጣ መብቱን ሌላ ሰው ጠየቀ። ማግኔት ኤሌክትሪክ ሊፈጥር እንደሚችልም በሙከራ አየ። ማስተማሩ ጊዜ ስላልሰጠው፣ ትምህርት ሲዘጋ አሟልቼ እጽፈዋለሁ ብሎ አቆየው። ባሕር ማዶ፣ እንግሊዝ አገር፣ ሌላ ሰው ያንኑ አገኘና ቀድሞ አሳወቀ።

የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች። «ሶ፣ ሂ ሎስት?»

«በአማርኛ!» አሉ ጋሼ።

«ሶ... ተሸነፈ?»

«አልተሸነፈም» አልኩ። «ስሙ መለኪያ ሆነ። እስከ ዛሬ እንጽፈዋለን።»

«ሲሰማ ደስ አለው?»

«ሞቶ ነበር።»

ልጅቷ አሰበች። «ዛትስ ቱ ሌት።»

«በአማርኛ!»

«ረፈደ» አለች።

«ጎበዝ!» አሏት ጋሼ።

«አመሰግናለሁ» አለች ወዲያው።

በመኪና ስንመለስ እናቴ ባዶውን የሳምቡሳ ሳህን ጭኗ ላይ አመቻቸች። ከዚያ፣ «ሰውየው እናት ነበረችው?» አለች።

«ትኖረዋለች እንጂ።»

«ዝም በል ብላው ይሆናል።»

ቀይ መብራት ያዘን።

«ሰኞ ሄደሽ ለአለቃሽ ንገሪው» አለች።

«ምን ብዬ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ ብለሽ።»

«እማዬ፣ ዝም አይነቅዝም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እሱ የሚለምን ሰው ዘንድ ነው። የማይለምን ሰው ዘንድ ይነቅዛል። በይ፣ አሁን አለቃሽ እኔ ነኝ። ማነው የሠራው?»

«አብረን ነው...»

«ኦኬ። ሄድኩ።»

«እማዬ!»

«ሄጃለሁ እኮ። እንደገና። ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፤ ግን...»

«ግንን እዚሁ መኪና ውስጥ ተያት።»

ቤት ደርሰን ፓርክ ካደረግኩ በኋላም ቶሎ አልወረድንም። እናቴ አለቃነቱን ወዳው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የአለቃዬ በር ክፍት ነበር፤ ዝግ ቢሆን እመርጥ ነበር። ገባሁ። «የአጠቃለሉ ሐሳብ የእኔ ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ። ባልደረባዬ ለክቶልኛል» አልኩት። ይህን ያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ ነግሬው አላውቅም። ይከራከረኛል ብዬ የሙከራዎቼን ሥዕል በሙሉ ይዤ ነበር።

«ኦኬ» አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ማመልከቻውን ከፍቶ ስሜን ጻፈ፤ ፊደሉን ጠይቆኝ አንዴ አረመው። ቀጣዩን ሳጥንም እኔ እንደምመራው ነገረኝ። «ባለፈው ለምን አልነገርሽኝም?»

ሥርዓቱን ላስረዳው አሰብኩ። ረጅም ነው። «አሁን ነገርኩህ» አልኩት።

«ግሩም ሥራ ነው።»

አፌ ለማስተባበል ተከፍቶ ነበር። «አመሰግናለሁ» አልኩ። የሰው ልብስ የለበስኩ መሰለኝ።

ባልደረባዬ ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ስለ ሥራው ይጠይቁኛል ብሎ ተጨንቆ ኖሯል። በምሳ ሰዓት እናቴን ኮል አደረግኳት።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ኦኬ አለኝ።»

«ያው ኦኬ?»

«ያው።»

ከኋላዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። «ጎበዝ ልጄ» አለች።

«ኧረ እኔ ምን አደረግኩ።»

«ተይ እንጂ!»

«አንቺ ነሽ ያስጠናሽኝ።»

«እመብርሃንን አንቺ ነሽ!» አለች እናቴ።

አንገቴን ደፋሁ። በስልክ አይታይም፤ ዝም ማለቴን ግን ሰማች።